ከአባቴ ላይ የተቀነሱት አሥራ አራት ዓመታት

ይህ የሆነው አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ አንድ ቃል መናገር ሲገባኝ ዝም ስላልኩ ነው።

አባቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ይሠራ ነበር። ጡረታ ቶሎ እንዳይመጣበት ብሎ፣ ሲቀጠር ዕድሜውን አሥራ አራት ዓመት ቀንሶ አስመዘገበ። በመታወቂያው ከእናቴ ያንሳል። እሷም "ልጅ አሳድጌ አገባሁ" እያለች ታሾፍበት ነበር። እኛም እንስቃለን።

የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሲወጣ ማለክለክ ሲጀምር፣ ውፍረት ነው ብዬ 18 ማዞሪያ አጠገብ ያለ ጂም ወሰድኩት። አሰልጣኙ መታወቂያውን አየና "ጋሼ፣ ከ220 ላይ 49 ስንቀንስ 171። የልብዎ ከፍተኛ ምት በግምት ይሄ ነው። የዚህን ከሰባ እስከ ሰማንያ በመቶውን ይዘን እንሠራለን" አለው። ቀጥሎም "ስልሳ ቢያልፉ ኖሮ የሐኪም ወረቀት ያምጡ እል ነበር" አለ።

አባቴ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ዞር ብሎ አየኝ። አጠገባችን ፔዳል የሚመታው ሰውዬ የአባቴ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ኃላፊ ነበር። እኔም ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

በሦስተኛው ሳምንት መሮጫው ላይ እያለ፣ ያሰርኩለት የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት 120 አሳየ። "ገና ነው ጋሼ፣ 130 እናድርሰው! ጎረምሳ እኮ ነዎት!" አለው አሰልጣኙ። አባቴ ደስ ብሎት ፍጥነቱን ራሱ ጨመረ። ትንሽ ቆይቶ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ።

ሐኪም ቤት ዶክተሯ ዕድሜውን ስትጠይቀኝ አፌ ለምዶ "አርባ ዘጠኝ" አልኩ። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ "ስልሳ ሦስት በያት፤ አሁን ምን ቀረኝ" አለ። እውነተኛ ዕድሜውን ከአፉ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። በማግስቱ አረፈ። የልቡ የደም ሥር ቀድሞም ጠቦ ነበር፤ ቢመረመር ይታወቅ ነበር አሉን።

ለቅሶ ላይ ኃላፊው "ገና በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ! ምኑን ኖረና!" እያለ አለቀሰ። እናቴ አየችኝ። በአባቴ ስም የምታገኘው ጡረታ ወረቀቱ ገና አላለቀም። "አዎ፣ በልጅነቱ ተቀጨ" አልኩ።

ባለፈው ወር ጦር ኃይሎች ታክሲ ስጠብቅ አሰልጣኙን አገኘሁት። ከስቷል። "እህቴ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ስሌቱን ተሳስቼ ይሆን?" አለኝ።

ስሌቱ ልክ ነበር፤ ሐሰቱ የሰጠነው ዕድሜ ነው። ይህን ብነግረው እፎይ ይል ነበር። እኔ ግን "ምን ታደርገዋለህ፣ ቀኑ ደርሶ ነው" ብዬው ታክሲ ውስጥ ገባሁ። አባቴን በዝምታዬ ቀበርኩት፤ ያንን ልጅ ግን በቁሙ እየቀበርኩት ነው፤ በራሴ አፍራለሁ።