ሁለት ጊዜ የገባው ደመወዝ

ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ብር መቁጠር እንጂ ስሜን መጻፍ አላውቅም ነበር። ላምበረት አካባቢ ያለ የብሎኬት ማምረቻ በር ላይ ዘበኛ ነኝ፤ ደመወዝ በእጅ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ እቀበል ነበር። ባንክ በኩል መክፈል ሲጀምሩ ደግሞ የስልኬን መልእክት ባለሱቁ ያነብልኝ ነበር። በኋላ ያ ነገር አስጠላኝና የማታ ትምህርት ገባሁ።

አንድ ወር ላይ መልእክቱን ራሴ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ደመወዝ ገብቷል ይላል። ከሰዓት በኋላ ሌላ መጣ። ያው ብር፣ ያው ቃል። ሁለት ጊዜ ከፍለውኛል።

በማግስቱ ለፎርማኑ ነገርኩት። በአፌ። እኔ ያደግሁት ሰው በቃሉ በሚታሰርበት ቤት ነው፤ ለአለቃህ ከነገርክ ነገርክ ነው። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ወረቀትም አስቤ ነበር። ደብተሬን ይዤ ቁጭ ብዬ ሁለት መስመር ጻፍኩና ቀደድኩት። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ስሜ ጠፍቶ «ተማሪው» ሆኛለሁ። ጫኞቹ ብሎኬት እየተቀባበሉ «ተማሪው፣ ዛሬ ፈተና የለም እንዴ?» ይሉኛል። ያንን ወረቀት ይዤ ቢሮ ገብቼ የባሰ መሳቂያ ልሁን?

ፎርማኑ ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። «ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ሲፈልጉት ይጠይቁሃል» አለኝ።

ተቀመጥኩ። አንድ ወር ሙሉ ብሩን አልነካሁትም፤ የጠየቀኝም የለም። ከዚያ ክረምት ገባ። ቤታችን ከቀበና ሽቅብ፣ ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ ነው፤ ዝናቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው እኛን ነው። ጣሪያው ሦስት ቦታ ያፈሳል። ባለቤቴ በሳፋና በባልዲ ስትቀበል ከረመች፤ ሳሉም አልለቃት አለ።

«ነግሬያቸዋለሁ አላልክም?» አለችኝ።

ብያለሁ አልኳት።

«እንግዲያ?»

እንግዲያ ቆርቆሮና ምስማር ገዛሁ። የብሩ ግማሽ በዚያ ሄደ። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

መስከረም ላይ ሒሳብ ሲመረመር ተገኘ። የአስተዳደር ኃላፊዋ ቢሮዋ አስጠራችኝ፤ በልጄ ዕድሜ ያለች፣ አፏ ከአክብሮት የማይወጣ ሴት ናት። ፎርማኑም ተቀምጧል። ያን ጊዜውኑ ነግሬዋለሁ አልኩ። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አላስታውስም አለ። ዋሸ ብሎኝ ቢሆን ተከራክሬ በወጣልኝ። አላስታውስም ያለ ሰው ግን ምን ይደረጋል?

«ጋሼ፣ በጽሑፍ አመልክተዋል?» አለችኝ።

«በአፌ ነው የነገርኩት» አልኳት።

«ድሮ ቢሆን አላወቁም እንል ነበር» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ግን ማንበብ ይችላሉ።»

ያንን ብላ ገንዘቡ በሙሉ ከዚያው ወር ደመወዜ እንደሚቆረጥ፣ በሩ ላይ መቆየት አለመቆየቴን ደግሞ ሥራ አስኪያጁ እንደሚወስን ነገረችኝ። ዘበኛ የሚቀጠረው በእምነቱ ነው። ሌባ ተብሎ የተባረረ ዘበኛ እንኳን ላምበረት፣ መሪ ሰፈር ድረስ ቢሄድ ማንም በሩን አይሰጠውም።

እሑድ ጠዋት ደብተሬን አወጣሁ። ብሩ ሁለት ጊዜ እንደገባ፣ ለማን እንደነገርኩ፣ ምን እንደገዛሁበት፣ የተረፈውን አሁኑኑ እንደምመልስ፣ የጎደለውን ግን በአራት ወር እንዲቆርጡልኝ ጻፍኩ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። «ቆርቆሮ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። ከዚያ ለራሴ የማስቀረውን ቅጂ እንደገና ጻፍኩ።

ሰኞ ሰጠኋት። አነበበችና «ማን ጻፈልዎት?» አለችኝ።

«እኔ።»

ወረቀቱን አየች፤ እጄን አየች። ቅጂው ላይ ማህተም መታችልኝ።

በአራት ወር እንዲቆረጥ ተፈቀደ፤ ከሥራም አላባረሩኝም። ባለቤቴ ተመስገን በል ትላለች። እኔ ግን ያ ወረቀት ወራት ዘግይቶ እንደተጻፈ አውቃለሁ። ያልሠራህበት ብር ከገባልህ በዚያው ቀን ጻፍና ስጥ። ዶሮ የጫረው ቢመስልም ጻፍ። ቅጂው ላይ ማህተም ሳታስመታ ከቢሮ አትውጣ። ብሩን ደግሞ አትንካው፣ ጣሪያህ ቢያፈስም።

ከሳምንት በኋላ ፖስታ ሰጡኝ። በሩ ላይ ቆሜ ከፈትኩት። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። «ያለአግባብ የተከፈላቸውን ገንዘብ እያወቁ በመሰወር» ይላል፤ ፋይሌ ውስጥ ገብቷል፣ እዚያው ይኖራል። በጣቴ እየተከተልኩ እስከ ማህተሙ ድረስ አነበብኩት። ስለ እኔ ተጽፎ ያነበብኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው።

የፎርማኑ መኪና መጥቶ ቆመ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ተማሪው፣ ምን እያነበብክ ነው?» አለኝ።

አጥፌ ኪሴ ከተትኩና በሩን ከፈትኩለት።