መልስ የሚጠብቀው ከበሮ መቺ

ልጅ ሳለሁ ጅጅጋ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የሚደሰት ቢኖር የእኛ ግቢ ልጅ ብቻ ነበር። ያኔ እናቴ ኩራዙን ለኩሳ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ታስቀምጣለች፣ የጎረቤታችን ልጅ ሆዳን ታናናሾቿን እየጎተተች ትመጣለች፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ጌታሁንም የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ገልብጦ ጉልበቱ መሀል ያደርግና ተረት ሊነግረን ይሰናዳል።

ጋሼ ወደ እኛ ቤት የመጣው መንግሥት ተለውጦ፣ አዲስ አበባ ይሠራበት የነበረው ኦርኬስትራ ሲበተን ነው። እዚያ ቲምፓኒ የሚባሉትን፣ ትልቅ ድስት የሚመስሉ የመዳብ ከበሮዎች ይመታ ነበር። ይዞት የመጣው ንብረት ጫፋቸው በሱፍ ጨርቅ የተጠቀለለ ሁለት ዱላ ብቻ ነው። ስለ ሥራው ሲያወራን ስለ መምታቱ ብዙም አያነሳም። ቫዮሊኖቹ ሲንጫጩ እሱ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ተራውን እንደሚጠብቅ፣ እየጠበቀም ጆሮውን ወደ ቆዳው ደፍቶ፣ በጣቱ መታ እያደረገ ድምፁን እንደሚያስተካክል ነበር የሚነግረን። «ጆሮ ከሌለ ዱላው የገንፎ ማማሰያ ነው» ይል ነበር።

ተረት የሚጀምረው እንደ ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ልማድ ነው። «ሼኮ ሼኮ!» ይለናል፤ የሐር ተረት ይሁንልን እንደማለት «ሼኮ ሐሪር!» ብለን ካልመለስን ተረት የለም። ከዚያ ሰጎኗ በጣቶቹ ጫፍ ሳፋው ላይ ትሮጣለች፣ ጅቡ በመዳፉ ያጉረመርማል። ጅቡ በሩ ጋ ሲደርስ ግን ጋሼ እጁን አንስቶ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚሰማው የፍሙ መንጣጣት ብቻ ነበር፤ ሆዳን ክንዴን ቆንጥጣ ትይዘኛለች።

«ይጠሩኛል» ይል ነበር ሁልጊዜ፣ የኦርኬስትራውን ሰዎች ማለቱ ነው። ዓመታት አለፉ። እናቴ ሌላ ሥራ ፈልግ ስትለው «ተራዬ አልደረሰም» እያለ ይቀልድባታል። ከኋላው ጠርታው ዝም ሲላት ደግሞ «አርቲስት ነኝ ባይ!» ብላ ትበሳጫለች። እኔ ግን እንደሚጠሩት አምን ነበር።

አንድ ቀን የድሮ ባልደረባው ከአዲስ አበባ መጣ። ኦርኬስትራው እንደገና እየተሰባሰበ ነው፣ ነገ አብረን እንሂድ አለው። እናቴ በደስታ እያለቀሰች ሸሚዙን ተኮሰችለት። ሲመሽ መብራት ጠፋና እንግዳውም ከእኛ ጋር ተቀመጠ። ጋሼ «ሼኮ ሼኮ!» ከማለቱ ነፋስ በሩን ገፍቶ ኩራዙን አጠፋው።

«ሼኮ ሐሪር!» ብለን በጨለማው ጮህን።

ጋሼ ዝም አለ። ደግመን ጮህን።

«ምነው ልጆች፣ ዛሬ አኮረፋችሁኝ?» አለ።

እየቀለደ መስሎን ሳቅን። ሆዳን ተጠግታ «አዴር፣ መልሰናል እኮ!» አለችው። አጎት ማለቷ ነው። እሱ አሁንም ይጠብቃል።

እናቴ ክብሪት ስትጭር ሳቃችን ቆመ። ጋሼ አፋችንን ለማየት ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ነበር። ለካ ያን ሁሉ ምሽት ሲሰማን የኖረው በዓይኑ ነው።

ጋሼ ሁላችንንም ተራ በተራ አየን፤ እንግዳው ግን መሬት መሬት ያያል።

«ጆሮዬ ከደከመ ሰነበተ» አለ ጋሼ። «ከጠሩኝ ይመለስልኛል ብዬ ነበር።»

እናቴ «ወንድም ጋሼ!» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እንግዳው በማለዳ ብቻውን ተሳፈረ።

በኋላ ሆዳን ዘዴ አገኘች። ጋሼ «ሼኮ ሼኮ» ሲለን በጩኸት ፋንታ የሳፋውን ጠርዝ መምታት ጀመርን። እሱ መዳፉን ሳፋው ላይ ጥሎ ይጠብቃል፤ ሲነዝረው ፈገግ ብሎ ይቀጥላል። «ይጠሩኛል» ሲል ግን ዳግመኛ አልሰማሁትም፤ ያ ቃል ከቤታችን መጥፋቱ ከጆሮው መድከም ይልቅ ያሳዝነኝ ነበር።

ጋሼ ታሞ የተኛ ጊዜ እኔ አድጌ ሥራ ይዤ ነበር። በመጨረሻው ቀን መዳፉን ዘርግቼ በጣቴ «ሼኮ ሼኮ» ብዬ መታሁለት። ከዚያ እሱ እንዳስተማረን ዝም ብዬ ጠበቅሁ። እናቴ ትከሻዬን ይዛ «በቃ ልጄ» እስክትለኝ ድረስ ጠበቅሁ።

ዛሬ ለልጆቼ ተረት ስነግር ጅቡ በሩ ጋ ሲደርስ ዝም እላለሁ። «ከዚያስ እማዬ? ከዚያስ?» እያሉ ይጎተጉቱኛል። እነሱ የሚጠብቁት ጅቡን ነው፤ እኔ ግን መዳፌ ላይ የጋሼን ጣት እጠብቃለሁ።