«ስድስቱ ሻሾች»ን ያዋረድኩበት ቅዳሜ

የእህቴ ልጅ የመጽሐፍ አንባቢዎች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ካስገባችኝ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ አክስቴን ብቸኝነት እንዳይጫናት ብላ ነው። እኔና ብቸኝነት ከተስማማን ቆይተናል፤ ቢሆንም በደግነት የተሰጠን ነገር መመለስ ነውር ነው ብዬ አልወጣሁም። ሰሞኑን በዚያ ቡድን ውስጥ ሰላም የለም። ሴቶችን አንድ በአንድ እያደነ ስለሚገድል ሰው የሚተርክ ወፍራም ልብ ወለድ ወጥቶ፣ አንባቢው ለሁለት ተከፍሎ ይቧቀሳል።

ጠዋት ጠዋት ፉሌን በዳቦ እየጠቀስኩ ጭቅጭቃቸውን አነባለሁ። አንዱ «እስትንፋሴ ቆሞ ነበር» ይላል፣ በደስታ። እስትንፋሷ የቆመባትስ ሟቿ ነበረች። ሌላው «ቆሻሻ ነው፣ ለወጣቱ መርዝ ነው» ብሎ ሦስት አንቀጽ ይጽፍና መጨረሻ ላይ መጽሐፉን እንዳላነበበው፣ ወደፊትም እንደማያነበው በኩራት ያስታውቃል። አንዷ ደግሞ ገና ሃያኛው ገጽ ላይ ሆና አምስት ኮከብ ሰጥታለች። ገዝቼ አነበብኩት። የማይረባ መጽሐፍ ነው። ወዳጆቹም ጠላቶቹም ከእሱ ብዙም አይሻሉም። እንዲህ እያልኩ በልቤ ስሳለቅ ነው ያ የሩቅ ዘመን ቅዳሜ ድንገት ትዝ ያለኝ፤ እጄ ላይ የነበረውን ዳቦ መልሼ አስቀመጥኩት።

ያኔ ከተማችንን የምንጠራት አዋሳ ብለን ነበር። ባጃጅ የለም፤ መንገዱ የጋሪ ነው፤ ፈረሶቹ ሲያልፉ የደወላቸው ድምፅ እስከ ቤት ውስጥ ድረስ ይሰማል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድ አንባቢና አንባቢ በእጅ ምልክት ነበር የሚነጋገረው። በግቢው ዛፎች ላይ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች እንደ ሸመገሉ ዳኞች ትከሻቸውን ሰብቀው ይቆማሉ፤ ነፋሱ ከዓሣ አስጋሪዎቹ በኩል ሲመጣ መጻሕፍቱ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታሉ። በዚያ ዕድሜዬ ከማንበብ ይበልጥ የምወደው አንባቢ መባልን ነበር። ከባድ ከባዱን መጽሐፍ ሽፋኑ ለሰው እንዲታይ አድርጌ ደረቴ ላይ አቅፌ ነበር ወደ ሥራ የምሄደው። ቀላል መጽሐፍ የሚዋስ ሰው ሲመጣ ካርዱን የምሞላለት በሁለት ጣቴ ነው፤ የቆሸሸ ነገር እንደሚይዝ ሰው።

«ስድስቱ ሻሾች» የመጣው በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ማን እንዳመጣው አላስታውስም። አንድ ነፍሰ ገዳይ ስድስት ሴቶችን በየራሳቸው ሻሽ አንቆ ይገድላል፤ ዝናብ የማይለየው አንድ ሻምበል ደግሞ ያሳድደዋል። ወረቀቱ የሳሳ፣ ፊደሉ የተንጋደደ፣ ሽፋኑ ላይ ያለችው ሴት ከሟችነቷ ይልቅ ጥርሷን ያመማት የምትመስል መጽሐፍ ነበር። አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበረን ተራ ተያዘለት። ከተማው በእሱ የተነሳ ለሁለት ተከፈለ ብል አጋነንኩ እንጂ፣ የእኛ የቅዳሜ ከሰዓት የንባብ ክበብ ግን በእርግጥ ተከፍሏል።

በአንድ በኩል ጋሽ ከድር ነበሩ፤ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ። እንደ እሳቸው አባባል ከዚህ የሚበልጥ መጽሐፍ በአማርኛ አልተጻፈም። ገዳዩን ይወዱታል። ብልጠቱን፣ ሻሹን የሚያጠብቅበትን መንገድ ለደንበኞቻቸው ሁሉ በራሳቸው ጨርቅ እያሳዩ ያስረዳሉ፤ ሴቶቹ እየሳቁ ይሸሻሉ። በሌላ በኩል ወንድም ጳውሎስ ነበር፤ የመዘምራን መሪ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ንጹሕ ወጣት። መጽሐፉ የሰይጣን ሥራ ስለሆነ ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥቶ ይቃጠል ይላል። አንብቦት እንደሆነ ስጠይቀው፣ እሳት መሆኑን ለማወቅ እጅን ውስጡ መክተት አያስፈልግም አለኝ። ሁለቱንም ናቅኳቸው። አንደኛው ጣዕም የለውም፣ ሁለተኛው ቀምሶ አያውቅም።

እዚህ ላይ ለማንም ያልተናገርኩትን ልናገር። እኔ ያን መጽሐፍ በሁለት ቀን ነው የጨረስኩት። እራት እየበላሁ ሳይቀር ከእጄ አላወጣሁትም። ሻምበሉ ከሟች ቤት ወደ ሟች ቤት እየሄደ እናቶችን የሚጠይቅባቸውን ረጃጅም ገጾች ብቻ፣ አሰልቺ ናቸው ብዬ ዘልያቸዋለሁ፤ ለግድያው ቸኩዬ። ከጨረስኩ በኋላ ራሴን ስለናቅሁ ንቀቱን ወደ ሌላ ሰው ማዞር ነበረብኝ። እንዲህ ያለ ዕዳ በሌላ ሰው ጀርባ ላይ መጫን ደግሞ ለወጣት ቀላል ነው።

በዚያ ቅዳሜ ሃያ የሚሆን ሰው መጥቷል። ሙግቱን ያኔውኑ ልዘጋው ወስኜ ተዘጋጅቼ ነበር። ተነሳሁና ከመጽሐፉ አስቀያሚውን ቦታ መርጬ፣ ድምፄን እያወፈርኩ አነበብኩላቸው፦ «ጨረቃዋ እንደ ገዳዩ ዓይን ቀላች። ስድስተኛዋ ሴት ግን አላየቻትም፤ ምክንያቱም ስድስተኛዋ ነበረች።» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ከድር እንኳን ሳቁ። ሰው ሲያስቁ ማቆም ከባድ ነው። ከመጽሐፉ ኋላ ካለው ኪስ የተዋሾቹን ካርድ አወጣሁና ይህን ድንቅ ሥራ ከሁላችንም አብልጦ የወደደው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ አልኩ። ካርዱ ላይ አንድ ስም አምስት ጊዜ ተጽፏል፤ እትዬ አስቴር።

እትዬ አስቴር ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል የምታጸዳ፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከቱላ የመጣች ሴት ነበረች። አፏን የፈታችው በሲዳምኛ ነው፤ የአማርኛ ፊደል የቆጠረችው ካደገች በኋላ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ መጥታ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም። ከጣቶቿ ላይ የበረኪና ሽታ አይለይም። በወትሮው አንቺ ነበር የምላት፤ ያን ቀን ግን እርስዎ አልኳት። አክብሮት አልነበረም።

«እስኪ እትዬ አስቴር ይንገሩን» አልኳት። «አምስት ጊዜ የሚያስነብብ ምን አገኙበት? ምኑ ነው እንዲህ የጣፈጠዎት?»

እንደገና ተሳቀ። እሷ ግን ጥያቄውን እንደ እውነተኛ ጥያቄ ነው የተቀበለችው። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«እህት ነበረችኝ» አለች። «ታናሼ ናት። ገበያ ሄዳ አልተመለሰችም። በሦስተኛው ቀን ወንዝ ዳር ሞታ ተገኘች። ሰው፣ ከወንድ ጋር ኮብልላ ነው አለ። ቤታችን መጥቶ የጠየቀን የለም። ምን ለብሳ ወጣች፣ ማንን ትፈራ ነበር፣ ማንም አልጠየቀም። እናቴ ለመናገር ተዘጋጅታ ብዙ ቀን በር ላይ ተቀመጠች።»

ለአፍታ ቃል ፈለገች። ቃሉ ሲዳምኛ ሆኖ መጣባት መሰለኝ፤ እስኪያልፍላት ጠበቀች።

«እዚህ ውስጥ ያለው ሻምበል ይጠይቃል። የስድስቱም እናቶች ቤት ገብቶ ይቀመጣል። የሰጡትን ይበላል። የሁሉንም ስም ያውቃል። ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ይጠይቃል። እኔ ያን ያን ነው የማነበው። ግድያውን አላነበውም።»

ከዚያ ቀጥ ብላ ወጣች። ወንድም ጳውሎስ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ከድር በእጃቸው ይዘውት የነበረውን ሻሽ፣ ለማሳያ ያመጡትን፣ ኪሳቸው ውስጥ ሲከቱት አየሁ። እኔም ስብሰባው አልቋል ሳልል ወንበር መደርደር ጀመርኩ። ሁሉም ሲሄዱ መጽሐፉን ገለጥኩት። እኔ የዘለልኳቸው ገጾች ጠርዛቸው ሳስቶ፣ በእጅ ብዛት ለስልሶ ጨርቅ መስሏል። የግድያው ገጾች ግን እንደ አዲስ ነበሩ። እነ ጋሽ ከድር እነዚያን አንድ ጊዜ ቢያነቧቸው እንጂ ደጋግመው አላነበቧቸውም ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ካርዱን ስሞላ የኖርኩት እኔ፣ መጽሐፉ ሲመለስ የሳሳው የትኛው ገጽ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳን ገልጬ አላየሁም ነበር።

በተከታዩ ቅዳሜ አልመጣችም። በሚቀጥለውም። ሆቴሉ ድረስ ሄጄ ብጠይቅ የእሑድ ዕረፍቷን ቱላ እናቷ ዘንድ እንደምታሳልፍ ነገሩኝ። መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልዬ እሑድ ረፋዱ ላይ ተነሳሁ። ዝናቡ ሌሊቱን ወርዶ አድሯል፤ መኪናው ቱላ ካወረደኝ በኋላ ያለውን መንገድ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የጨረስኩት። መንገዱን እያጠያየቅኩ በእንሰቱ መሐል ስሄድ ቅጠሉ የያዘውን ውሃ አንገቴ ላይ ያራግፋል። የምላትን እየደጋገምኩ አጠናሁ፤ አሁን ሳስበው እሱም ንግግር ነበር፣ ጥሩ ንግግር፤ እንዲያምርልኝ ስል ሁለት ቦታ አስተካክዬዋለሁ።

እትዬ አስቴር በደስታ ነው የተቀበለችኝ፤ ይህን አልጠበቅሁም። እግሬን አስታጠበችኝ። እናቷ አማርኛ አይሰሙም፤ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩኝ። ቡርሳሜ ቀረበልኝ፤ ትኩስ ቆጮ በቅቤ ርሶ፣ ከጎመን ጋር። ብርድ ስለነበር ሳላፍር በላሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሆቴሉ እንግዶች፣ ስለ ጥርሷ ሕመም ሳይቀር አወራችኝ። ስለዚያ ቅዳሜ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ያጠናሁትን ንግግር የማስገባበት ቀዳዳ አጣሁ።

ስትሸኘኝ አጥሩ ጋ ቆምኩና «እትዬ አስቴር፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ከዚያ ካማረው ንግግሬ የተረፈው ይኸው ነበር። መጽሐፉን ከላስቲኩ አውጥቼ ሰጠኋት። መመለስ እንደሌለባት፣ የእሷ እንዲሆን እንዳመጣሁላት ነገርኳት።

እጇን አልዘረጋችም። ቁጣ ፊቷ ላይ አልነበረም።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ» አለችኝ። «መጽሐፉን ግን ውሰጂው። አሁን ሳስበው ያንቺ ድምፅ ነው የሚሰማኝ።»

መኪና ስጠብቅ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። በዚያ ሁሉ ሰዓት «እህትሽ» ያልኩት ስንት ጊዜ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። አንድም ጊዜ አላልኩም፤ ስሟ ማን እንደሆነ እንኳን አልጠየቅኳትም ነበር። እናቲቱ እጄን ይዘው ያን ያህል ያዩኝ ምናልባት የምጠይቅ መስያቸው ይሆናል። በሌላ ጊዜ እጠይቃታለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። መስከረም ላይ እትዬ አስቴር ሥራዋን ትታ ሄደች አሉኝ፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። ሳልጠይቅ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ በሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ የተዋሾችን ካርድ ለሌላ ሰው አሳይቼ አላውቅም፤ ሰዎች ጠንቃቃ ሠራተኛ እያሉ ያመሰግኑኝ ነበር።

ይህን ስል ልቤ ራርቶ ለሁሉም አምስት ኮከብ የማድል ሴት ሆኛለሁ ማለቴ አይደለም። «ስድስቱ ሻሾች» መናኛ መጽሐፍ ነበር፤ የጨረቃዋን ነገር ዛሬ ባነበውም እስቃለሁ። የሰሞኑም ከእሱ አይሻልም። ሳያነቡ የሚያወግዙትንም፣ ሬሳ እየቆጠሩ የሚደሰቱትንም ዛሬም እንቃለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ጠባይ አይለወጥም። በመጻሕፍት መሐል የኖርኩ ሴት ነኝና ክፉ ጽሑፍን ክፉ ለማለት የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።

ትናንት ግን አንዲት ልጅ ቡድኑ ውስጥ «እኔ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው» ብላ ጻፈች። ሌላ ምንም አላለችም። ወዲያው የሚስቁ ፊቶች እንደ ገብስ ተዘሩባት፤ አንዱ ደግሞ ሐኪም እንድታማክር መከራት። ለእኔም ከሁሉም የሚብስ አንድ ስለታም ዓረፍተ ነገር መጣልኝ። ጥሩ ነበር፤ ሁለት ቦታ አስተካክዬዋለሁ። ከዚያ ሰረዝኩት፤ ለብቻዋ በግል ደግሞ የቱን የቱን ገጽ ደጋግማ እንደምታነብ ጠየቅኳት።

እስካሁን አልመለሰችልኝም። ምናልባት የሚነገር ነገር የላትም፤ ደም ደም የሚለው ብቻ ይጣፍጣት ይሆናል፣ እንዲህ ያለ አንባቢ ሞልቷል። እንደዚያ ከሆነ ደህና አድርጌ እንቃታለሁ። እስክትነግረኝ ድረስ ግን አላውቅም።