ኤዶሳ ሽማግሌ ይዞ መጣ

ደረሰና ኤዶሳ አሜሪካ፣ ፊሊፕስ በሚባል ሰፈር ውስጥ ልጆችን ቅርጫት ኳስ አብረው ያሠለጥኑ ነበር። በአገሪቱ ደቡብ ያለ አንድ የጥቁሮች ኮሌጅ ረዳት አሠልጣኝ ሲፈልግ መጀመሪያ የጠራው ደረሰን ነው። «የጥቁር ኮሌጅ ምን ያደርግልኛል?» አለ፤ የራሱ ቆዳ ነጭ ይመስል። ኤዶሳ ሄደ፤ ዛሬ የኮሌጁ የሴቶች ቡድን ዋና አሠልጣኝ ነው። ደረሰ ኒው ሆፕ በሚባል ሰፈር ቤቱ ቁጭ ብሎ የኤዶሳን ቡድን ጨዋታዎች በስልኩ እያየ በቅናት ድብን ይላል።

ባለፈው እሑድ ኤዶሳ ቅርጫት ኳስ የምትጫወተውን የደረሰን ልጅ መቅሊትን ለቡድኑ ሊጠይቅ፣ ሚስት እንደሚጠይቅ ሰው ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። እንደ ወጉ በር ላይ ቆሙ። ደረሰ «ተቀመጡ» ማለት አቃተው።

«ካልሲህ ሳይቀር የኮሌጁ ቀለም ሆነ?» አለው።

«ጋሼ፣ ልጅቷን ስጠን፤ ካልሲውን እልክልሃለሁ።»

መቅሊት ወንበር አመጣች። «ዳድ፣ ዲሳይድ አድርጌያለሁ፤ እሄዳለሁ» ብላ ሽማግሌዎቹን አስቀመጠች። ደረሰ ብቻውን ቆሞ ቀረ።