ከባዝራዋ ኋላ

ወረታ ላይ፣ ከሩዝ መጋዘኔ ጎን፣ የጋሪ ፈረሶች የሚያድሩበት ጋጣ አለ። ባለቤቱ ጋሪ መንዳት የተዉ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ የሰፈሩ ልጆች በነጻ እናግዝዎት ብለው መጡ። በነጻ የሚሠራ ሰው አላምንም፤ በዚያው ቀን የመጋዘኔን ቁልፍ ቀየርኩ።

ልጆቹ ያማራቸው ግልቢያ ነበር፤ የደረሳቸው ፋንድያ መዛቅ ሆነ። ግማሾቹ በማግስቱ አልመጡም። ከጸኑት አንዷ ከመንገዱ ማዶ ሽንኩርት የምትቸረችረው የጎረቤቴ ልጅ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋን የሰማ ግን ጥቂት ነው። አስተማሪ ሲጠይቃት መሬት መሬት ታያለች። እናቷ፣ ይህች ልጅ አድጋ አንድ ኪሎ ቲማቲም እንኳ ተከራክራ አትገዛም እያለች ትጨነቅ ነበር። ለእኛ ለነጋዴዎች ይህ ቀላል ሕመም አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን ድምፅ ሳታሰማ ጋጣው ውስጥ ከታሰረች አንዲት ባዝራ ኋላ ሄደች። ባዝራዋ ደንግጣ ስትራገጥ የመታችው ባልዲ እኔ ደጅ ድረስ በረረ። ሽማግሌው፣ ፈረስ ከኋላው ያለውን ስለማያይ ሰው ሲጠጋው መናገር አለበት ብለው አስረዷት። እሷም «መጣሁ» አለች፤ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«ለማን ነው የነገርሽው?» አሏት። «ባዝራዋም አልሰማች፣ እኔም አልሰማሁ።»

ድምፅዋ ከበሩ ባዝራዋ ጋ እስኪደርስ ድረስ ገለባ ታመላልስ እንጂ እንዳትጠጋት ከለከሏት። ልጅቷ ደግሞ ያችን ባዝራ ወዳለች። በየማለዳው በሩ ላይ ቆማ ታወራላት ጀመር። መጀመሪያ «መጣሁ» ብቻ ነበር። ቀጥሎ ምን ይዛ እንደመጣች፣ ከዚያ ዝናቡን፣ ፎገራ ሜዳው ውሃ መልበሱን፣ በመጨረሻም የቤታቸውን ጉዳይ። እኔም ሩዝ እያስጫንኩ የጎረቤቴን ገመና ሁሉ ሰማሁ። አንድ ጠዋት የባዝራዋ ጆሮ ወደ በሩ ዞረ። ሽማግሌው የባዝራዋን ማበጠሪያ ብሩሽ ሰጧት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከባሕር ዳር ደንበኛዬ ጋር በስልክ ዋጋ እየተከራከርኩ በጋጣው ውስጥ አቋርጬ፣ ሳላስተውል ከባዝራዋ ኋላ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ ቁም!»

ቆምኩ። መንገድ ላይ ሁለት ባጃጆች ቆሙ። ደንበኛዬም ስልኩ ውስጥ «ምንድን ነው?» አለ። እናቷ ሽንኩርቷን ጥላ እስከ አስፋልቱ ወጣች።

«የማን ድምፅ ነው?»

«ያንቺው ልጅ ናት» አልኳት። «አንተ ብላኛለች።»

እናቷ ስለ አንቱታው ግድም አልሰጣት። «እስቲ ድገሚው» አለቻት።

«እማ፣ ፈረስ አጠገብ ያለ ምክንያት አይጮህም» አለች ልጅቷ። ሳትጮህ የተናገረችው ከጋጣው ጥግ አስፋልቱ ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ።

እናቷ እየሳቀች ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። እኔም ከዚያ ወዲህ ወደ ጋጣው ስገባ «መጣሁ» እላለሁ።