ከእንሰቱ ሥር የነበረው ቤት

ቡታጅራ በመምህርነት ተመድቤ የሄድኩት ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና የወጣሁ ልጃገረድ ነበርኩ። ክፍል ያከራዩኝ ከገበያው በስተጀርባ የሚኖሩ አንዲት የመስቃን ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው መርካቶ ገብተው በዓል ሲደርስ ብቻ ብቅ ይላሉ። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። ወሬ ሲጥማቸው በአማርኛ የጀመሩትን በጉራጌኛ ይጨርሱታል፤ እኔም ፊታቸውን አይቼ እመልሳለሁ።

ከቤቱ ጀርባ ሰፊ የእንሰት ጓሮ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከዘቢዳር ተራራ የሚወርደው ጉም እዚያ ገብቶ ይተኛና ፀሐይ እስክትጠነክር አይወጣም። ቅጠሎቹ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆኑ ከሥራቸው ስሄድ ብርሃኑ ራሱ አረንጓዴ ይመስለኝ ነበር።

በጥቅምት ወር እማማ እንሰት አስፍቀው ቆጮውን የሚቀብሩበት አዲስ ጉድጓድ ጎረቤታቸውን አስቆፈሩ። ሰውዬው እስከ ጉልበቱ እንደገባ ዶማው ድንጋይ መታ። ነቅሎ ሊጥለው ቢታገል አልነቀል አለው። አፈሩን በእጁ ሲጠርግ ድንጋዩ በአራቱም ጎን የተጠረበ ሆኖ ተገኘ፤ ከጎኑ ሌላ፣ ከዚያም ጎን ሌላ ተሰልፏል። እማማ ሥራውን አስቁመው እኔን ጠሩኝ። እኔ ለትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ነገርኩ፤ እሱ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ጻፈ።

መልሱ ሰው ሆኖ መጣ። በኅዳር መጨረሻ አንድ ላንድሮቨር በራችን ላይ ቆመና ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ከጆሮ ግንዱ ሸበት ማለት የጀመረ ሰው ወረደ። ውጭ አገር ሄዶ የጥንት ነገር ቁፋሮ የተማረ ባለሙያ ነው። አራት ሠራተኞች ነበሩት። እማማን ለማስፈቀድ ሦስት ቀን ተመላልሷል። በመጨረሻ ትንንሾቹ እንሰቶች ተነቅለው ወደ ጎን እንዲተከሉ፣ የደረሱት ደግሞ እንዲፋቁ ተስማሙ። የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ሁለት ቀን ሙሉ ሲፍቁ ሰነበቱ፣ ጓሮውም ገላጣ ሆነ።

አብሮት የተነሣው ሠዓሊ ቆሼ የተባለች ከተማ ላይ ወባ ይዞት ስለተመለሰ ባለሙያው የሚሥልለት ሰው አጥቶ ነበር። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ለተማሪዎቼ የኢትዮጵያን ካርታ ስሠራ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና ድንጋይ መሣል እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ሞክሬ አላውቅም አልኩት። ካርታ የሠራ እጅ ድንጋይ አያቅተውም አለኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጬ እሥላለሁ።

ቤቱ ቀስ እያለ ወጣ። የቆፈሩት ሰዎች ቢሆኑም ለእኔ ግን በራሱ ጊዜ የሚነሣ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ አንድ ማዕዘን፣ ነገ ግማሽ ግድግዳ፣ ከነገ ወዲያ በር። ሦስት ክፍሎች ነበሩት። ድንጋዮቹ ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ ተነባብረው ምላጭ አያስገቡም። የመግቢያው ደፍ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ብሎ ልሟል። ባለሙያው ጣቱን አሳርፎበት፣ ይህን የበላው እግር ነው አለኝ። የማን እግር እንደሆነ ግን አያውቅም። ጥያ ያሉትን ትክል ድንጋዮች ካቆሙት ሰዎች ጋር ይገናኝ እንደሆነ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። ከተማው ግን ዐውቆ ጨርሷል። አንዱ የዱሮ መስጊድ ነው ይላል፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ደግሞ የንጉሥ ግምጃ ቤት።

እማማ በአፈሩ ደረጃ እየወረዱ ክፍሎቹን ይዞሩ ጀመር። ሠራተኞቹ ምሳ ሲሄዱ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ሰጋጃቸውን ዘርግተው ይሰግዳሉ፣ ከዚያም ግድግዳውን ተደግፈው ያርፋሉ። እኔም አንዳንዴ አጠገባቸው ጋደም እላለሁ። ጣራው ሰማይ ነው። ደመናው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲያልፍ ቤቱ የሚጓዝ፣ እኛ ተኝተን የሚወስደን ይመስለኛል። አንድ ቀን እንዲህ ሆነን ሳለን እማማ ዐይናቸውን ሳይገልጡ፣ ይሄ ቤት ሰው ደስ ብሎት የኖረበት ነው፣ ሰውነቴ ይነግረኛል አሉኝ። ማስታወሻዬ ላይ ልጽፈው ፈልጌ ባለሙያው እንዳይስቅብኝ ፈርቼ ተውኩት።

በጥር ወር ከውስጠኛው ክፍል ጥግ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነሣ። ከሥሩ ሕፃን ነበር። አጥንቶቹ የወፍ ያህል ቀጫጭን ናቸው፤ በጎኑ ተኝቶ ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ ሰብስቧል። አንገቱ አካባቢ ሦስት የሸክላ ዶቃዎች ተገኙ። ሠራተኞቹ ዶማቸውን አስቀመጡ። እማማ የዶማው ድምፅ መቆሙን ሰምተው መጡ፣ አዩትና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

የዚያን ዕለት ማታ ክፍሌ ድረስ መጥተው፣ መርካቶ ካሉት ልጆቻቸው በፊት ሁለት ሕፃናት እንደቀበሩ ነገሩኝ። ሁለተኛዋ ጥርስ አውጥታ እንደነበር ነገሩኝ። ስሟን ግን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

በማግሥቱ ባለሙያው ጥጥ የተነጠፈበት ሣጥን ይዞ ወረደ። እማማ ከድንጋዩ አጠገብ አልተነሡም።

«አዲስ አበባ ወስደህ ምን ታደርገዋለህ?» አሉት።

አጥንቱን ሐኪሞች እንደሚመረምሩት፣ ዕድሜውና የኖረበት ዘመን እንደሚታወቅ፣ ከዚያም በሣጥኑ ሆኖ መጋዘን እንደሚቀመጥ በትሕትና አስረዳቸው።

«መቼ ትመልሰዋለህ?»

ባለሙያው የሣጥኑን ጥጥ አስተካከለ። ከሠራተኞቹ አንዱ ሊያግዘው ብሎ፣ ሕፃኑ እስላም ይሁን ክርስቲያን የማይታወቅ፣ ዘመድም የሌለው ነው አለ። እማማ ወደ እሱ ዞሩ፤ አልተቆጡም።

«ሕፃን ነው» አሉት። «ሕፃን በምን ይጠየቃል?»

ባለሙያው ሣጥኑን ግድግዳው ላይ አስቀምጦ እሱም ሕፃኑ ጎን ተቀመጠ። ሠራተኞቹን ወደ ሌላው ክፍል ሰደዳቸው። እኔ እርሳሴን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። ለእሱ ያ ሣጥን የዓመታት ድካሙ ፍሬ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ባዶውን ይዞ ቢመለስ አለቆቹ ምን እንደሚሉትም ይገባኛል። ፀሐይዋ ግድግዳውን አልፋ ጥላው እግሩ ላይ እስኪደርስ አልተነሣም። በመጨረሻ ወደ እኔ ቀና አለ።

«ሣዪው» አለኝ። «ምንም ሳትጨምሪ፣ ምንም ሳታጎድይ። እኔ ይዤ የምሄደው ያንቺን ወረቀት ነው።»

የሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። በሆዴ ተኝቼ፣ ትንፋሼ አቧራውን እንዳያነሣው አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ አጥንት በአጥንት ለካሁ። በመጀመሪያው ቀን ደጋግሜ እያጠፋሁ እንደገና ጀመርኩ። በሁለተኛው ቀን ግን የምሥለው የሞተ ነገር መሆኑን ረሳሁት፤ እንቅልፍ የወሰደውን ልጅ ሳልቀሰቅስ የምሥል መሰለኝ። እማማ ጥላ ይዘው ከፀሐይ ይከልሉናል፤ እኔንም፣ እሱንም።

ስጨርስ ባለሙያው ወረቀቱን ከአጥንቱ ጋር እያስተያየ ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ አጥፎ ሳይሆን ዘርግቶ ሁለት ሳንቃ መሐል አሰረው። ከዶቃዎቹ አንዱን ብቻ እንዲፈቅዱለት እማማን ለመናቸው። ሦስቱንም በመዳፋቸው አገላብጠው አይተው ጫፉ የተሸረፈውን ሰጡት። ጠፍጣፋው ድንጋይ ወደ ቦታው ሲመለስ እሳቸው በከንፈራቸው ዱዓ አደረጉ፣ ክርስቲያኖቹ ሠራተኞች ባርኔጣቸውን አወለቁ። የበልግ ዝናብ ሳይጀምር ቤቱ በሙሉ ተመልሶ አፈር ለበሰ።

በዓመቱ ወደ ወልቂጤ ተዛወርኩ። ብዙ ነገር ተለዋወጠ፣ ንጉሡም ወረዱ። ባለሙያውን ዳግመኛ አላየሁትም፤ ከአገር ወጣ ሲሉ ሰማሁ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለጉዳይ ሄጄ ሳለ እሱ ይሠራበት የነበረውን መሥሪያ ቤት አጠያይቄ ገባሁ። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፋይሉን አቧራውን አራግፎ አወጣልኝ። ሥዕሌ አለ። ከግርጌው በባለሙያው እጅ፣ አጥንቱ በነበረበት እንዲቆይ ተደርጓል የሚል አንድ መስመር ተጽፏል።

ስመለስ በቡታጅራ በኩል ዞርኩ። እማማ አርጅተዋል፣ ዐይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው ያወቁኝ። ጓሮው እንደገና እንሰት ሞልቶበታል። ከውስጠኛው ክፍል በላይ ያለው ቦታ ብቻ ምንም አልተተከለበትም፣ ሣር ነው። ሥዕሉን እንዳየሁት ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

«ተኝቷል?» አሉኝ።

«ተኝቷል እማማ።»

እጄን ጨበጥ አድርገው ለቀቁኝ። ከዚያ መኪናው እንዳያመልጠኝ አስበው፣ ለመንገድ የሚሆነኝን ቆጮ በእንሰት ቅጠል ሊጠቀልሉልኝ በግድግዳው እየተመሩ ወደ ጓዳ ገቡ።