የአክስቴ መርፌ

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ሲቀላ ገበያ፣ አክስቴ የጨንቻ ፖም የምትሸጥበት ቦታ። ከዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ እየተመለስኩ ነበር። መብራት ጠፍቶ ስለዋለ ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ናሙና ተበላሽቶ፣ ከድካም የተነሣ ሰው ማናገር አስጠልቶኛል።

"መጣች የኔ ዶክተር!" አለች አክስቴ ገና ከሩቅ ስታየኝ። "መርፌዬ የት ደረሰ?"

"መጀመሪያ አይጦቹ ናቸዋ!" አለች ከጎኗ ሙዝ የምትሸጠው ሴት። "የአይጥ ጉበት እስኪድን እኛ ወረፋ እንጠብቃለን።"

ሳቁ። እኔም እንደ ልማዴ መሬት መሬት እያየሁ ፈገግ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ገና አይጦች ላይ መሞከር ጋም አልደረስኩም።

የምሠራው የጉበት ቫይረስ ክትባት ላይ ነው። ክትባቱን ዓይን በማያያቸው ናኖ ቅንጣቶች ውስጥ ብናስገባው ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ ሦስት ጊዜ ይወጋ የነበረ ሰው ምናልባት አንዴ ተወግቶ ይበቃው ይሆናል። ሐሳቡ ይህ ነው። እኛ ቤት ግን "ክትባት" የሚል የለም፤ የሚወጋ ሁሉ መርፌ ነው።

አክስቴ ቫይረሱ ከተገኘባት ዓመታት አልፈዋል። በየቀኑ ክኒን ትውጣለች። እኔ እንደዚያ ነበር የማውቀው።

"ክኒኑን ተውኩት" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ያንቺ መርፌ እስኪመጣ ሆዴን ላሳርፈው ብዬ።"

"መቼ?"

"ከፋሲካ ወዲህ።"

ክኒኑ ሲቋረጥ ቫይረሱ ተነሥቶ ጉበትን እንደሚጎዳ አውቃለሁ።

"አክስቴ፣ መርፌው ላንቺ አይሆንም። በሽታው ላልያዘው ሰው ነው። አንዴ ከያዘ በኋላ አያወጣውም።"

አንዱን ፖም አንሥታ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። ከጠራ በኋላም መወልወሏን አልተወችም።

"ላልታመመ ሰው ነው?" አለች በመጨረሻ። "ይሄ ሁሉ ድካም?"

ፖሙን ከእጇ ተቀብዬ ክምሩ ላይ መለስኩት።

"ነገ ሆስፒታል እንሂድ" አልኳት።

"ነገ ከላይ፣ ከጨንቻ ፖም ይመጣልኛል።"

"እንሄዳለን አልኩሽ!"

እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ባለ ሙዟ ቀና ብላ አየችኝ፤ "ሂጂ፣ እኔ እቀበልልሻለሁ" አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ላቦራቶሪ አልገባሁም። አክስቴን በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰድኳት። ወረፋው ረጅም ነበር፤ አግዳሚው ወንበር ላይ ትከሻዬን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎኝ ነበር።

"ሥራሽስ?" አለችኝ።

"አይጦቹ ወረፋ ይጠብቁ" አልኳት።

ትንሽ ሳቀች። ስሟ ሲጠራ እጇን ይዤ አብሬያት ገባሁ።